በምትሰጥም ጀልባ ላይ መግደርደር

ጉልላት ብርሃነ ሥላሴ ተሰማ ኅዳር 6 ቀን 1988 ዓ.ም.፣ ፈረንጆቹ ኖቬምበር 16 ቀን 1995 በሚሉት ዕለት፣ ከቀትር በኋላ፣ ከስቶክሆልም በስተደቡብ ባለው ባሕር ላይ፣ ግማሽ አካሏ ውኃ በጠጣ የዓሣ ማጥመጃ ጀልባ ውስጥ ቆሞ፣ ከአንድ የሰባ አንድ ዓመት ሽማግሌ ጋር «ማን ይቅደም?» በሚል ጉዳይ ይከራከር ነበር። ከራሳቸው በላይ ሄሊኮፕተር ያጓራል፤ ከእግራቸው በታች ባሕሩ አፉን ከፍቶ ይጠብቃል፤ ሁለቱ ሰዎች ግን በሠርግ ቤት በር ላይ እንደ ተገናኙ የሁለት ወገን ሽማግሎች «እርስዎ ይቅደሙ»፣ «የለም፣ አንተ ቅደም» ይባባላሉ። ወሬውን በኋላ የሰማ፣ ጉልላት በሚኖርበት በሮግስቬድ ሰፈር ያለ ሰው ሁሉ ጅል አለው። ፍርድ ከመስጠት በፊት ግን ነገሩን ከሥሩ መስማት ይገባል።

ጉልላት የዝዋይ ልጅ ነው። አባቱ አቶ ብርሃነ ሥላሴ ልጆቻቸውን በሥርዓት ያሳደጉ፣ ታላቅ ሳይጎርስ እጁን ወደ ገበታ የሰደደን ታናሽ ጣቱን በጭልፋ የሚመቱ ሰው ነበሩ። በእሳቸው ቤት በበር ታላቅ ይቀድማል፤ በወንበር ታላቅ ይቀመጣል፤ እንግዳም ምግብ ሲቀርብለት መጀመሪያ «ጠግቤአለሁ» ይላል፣ ቀጥሎ «በቃኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ይላል፣ በሦስተኛው ተለምኖ ይበላል። መግደርደር የሚባለው ይህ ነው፤ ከርኃብም ከጥጋብም ጋር አንዳች ግንኙነት የለውም። የዛሬ ወላጆች ጭልፋውን አይወዱትም፤ ጭልፋው ይቅር፤ ከጭልፋው ጋር ሥርዓቱም አብሮ መቅረቱ ግን ደግ አልሆነም።

በወጣትነቱ ጉልላት በዝዋይ ሐይቅ ላይ ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ ያጠምድ ነበር። መረብ መጣል፣ መረብ መሳብና የተቀደደ መረብ መጠገን ይችላል። ዋና ግን አይችልም፤ «ዓሣ አጥማጅ የሚዋኝ ከሆነ ጀልባው ምን ይሠራል?» ባይ ነበር። በ1981 ዓ.ም. በሱዳን በኩል አድርጎ ስዊድን ገባ፤ ባለቤቱ ውብነሽና ትንሿ ልጁ ሳሌምም ተከትለውት መጡ። ሮግስቬድ ላይ ቤት አገኙ፤ እሱም መሐል ከተማ ቢሮ ማጽዳት ጀመረ። በፈረንጆቹ የዘጠናዎቹ መጀመሪያ ላይ የኢኮኖሚ ችግር በመጣ ጊዜ ቢሮው ተዘጋ፤ ጠራጊውም ከቢሮው ጋር ተጠረገ።

ከዚያ ወደ ሥራ አገናኙ መሥሪያ ቤት ሄደ። መሥሪያ ቤቱ «አርቤትስፎርሜድሊንግ» ይባላል፤ ስሙን ጠርቶ መጨረስ ብቻውን አንድ ሥራ ነው። ከጠረጴዛው ማዶ የተቀመጠችው ሴት ጠየቀችው፦

«ምን ሙያ አለህ?»

«ዓሣ አጥማጅ ነበርሁ።»

«ባሕር ላይ?»

«ማዶው አይታይም» አለ ጉልላት።

ውሸት አልተናገረም። ጧት ጉም በወረደ ጊዜ የዝዋይ ሐይቅ ማዶ በእርግጥ አይታይም። እውነት ተናገረ ለማለት ግን ድፍረት ይጠይቃል። ያም ሆነ ይህ፣ ብዙም ሳይቆይ የሮግስቬዱ ሰው በጨለማ ተነሥቶ፣ በአውቶቡስ ኤልቭሼ ደርሶ፣ ከዚያ «ፔንደልቶግ» በሚሉት ባቡር ኒኔስሃምን ወደብ ሲወርድ ተገኘ።

ወደቡ ላይ የጠበቁት ስቱሬ ኤክማን ነበሩ። ስቱሬ አጭር፣ ደንዳና፣ ፊታቸው በነፋስ ተቀቅሎ የበሰለ የሚመስል ሽማግሌ ናቸው። ልጅ አልወለዱም፤ ባለቤታቸው ከሞቱ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል። ከዚያ ወዲህ ቤታቸውን ለእንቅልፍ ብቻ ይጠቀሙበታል፤ ኑሯቸው «ግሬታ» በምትባለው ጀልባቸው ላይ ነው። ጀልባዋን የሰየሙት በአማታቸው ስም ነበር። ምክንያቱን ሲጠየቁ «አማቴም እንደዚህች ቀን ከሌት ታጓራ ነበር፤ ደግሞም መቼም አትሞትም ብለን ተስፋ ቆርጠን ነበር» ይሉ ነበር።

ሁለቱ በባልቲክ ባሕር ላይ «ስትሮሚንግ» የተባለውን፣ ከጣት ብዙም የማይበልጠውን ብርማ ዓሣ ያጠምዱ ጀመር። ጉልላት የመረቡን ሥራ አላጣውም። ባሕሩ ግን አላወቀውም። ዝዋይ ላይ ሞገድ ማለት ከጉልበት በታች የሚያረጥብ ነገር ነው፤ እዚህ ሞገዱ ሰውየውን ወደ ሰማይ ከወረወረው በኋላ ሆዱን ከላይ ትቶ ይዞት ይወርዳል። በመጀመሪያዎቹ ወራት ጉልላት ሳያስታውክ የተመለሰበት ቀን አልነበረም።

«ጉሌ» ይሉታል ስቱሬ በጀልባዋ ጠርዝ ላይ ተንጠልጥሎ ሲያዩት፣ «ሌላው ዓሣ አጥማጅ ለዓሦቹ መረብ ብቻ ነው የሚያወርድላቸው፤ አንተ ቁርስ ጨምረህ ታወርድላቸዋለህ። ይወዱሃል።»

«ይቅርታ፣ ጋሼ።»

ስዊድኖች ከንጉሣቸው በቀር ሰውን ሁሉ «አንተ» ይላሉ። ጉልላት ሊለምደው ሞክሮ ምላሱ እምቢ አለው፤ አባቱ ጭልፋ ይዘው ከመቃብር የሚነሡ ይመስለው ነበር። ስለዚህ በስዊድንኛው መሐል «ጋሼ»ን እየሰነቀረ መናገር ጀመረ። ስቱሬ ቃሉን የመርከብ አዛዥ ማዕረግ አድርገው ቆጠሩት፤ እጅግም ወደዱት። ወደቡ ላይ ያሉ ሌሎች ዓሣ አጥማጆችንም «ከዛሬ ጀምሮ ጋሼ በሉኝ» ብለው አዘዙ። አንዳንዶቹ አሉ።

ችግሩ ምግብ ላይ መጣ። በመጀመሪያው ቀን ስቱሬ አይብ ያለበት ዳቦ አውጥተው «ትበላለህ?» አሉት።

«የለም፣ አመሰግናለሁ» አለ ጉልላት፣ ሁለተኛውን ጥያቄ እየጠበቀ።

«እሺ» አሉ ስቱሬ፤ የእሱንም ድርሻ በሉት።

በማግስቱም እንዲሁ ሆነ፤ በሳልስቱም። ስዊድን አንድ ጊዜ ጠይቆ የሚተው ሕዝብ መሆኑን ጉልላት የተማረው በሆዱ ነው። ቤት ገብቶ ለውብነሽ ሲነግራት «ታዲያ የራስህን ቋጥረህ አትሄድም? ፈረንጅ ይለምነኛል ብለህ ነው ባሕር የምትወጣው?» አለችና ቋንጣ ፍርፍር በዕቃ አድርጋ ሰጠችው።

ጉልላት ደግሞ ታላቅ ሳይቀምስ አይበላም። ዕቃውን ከፍቶ ወደ ሽማግሌው ገፋ አደረገው።

«አልፈልግም» አሉ ስቱሬ።

«ትንሽ ብቻ፣ ጋሼ።»

«አልፈልግም አልሁህ።»

«በሞቴ!»

«በምንህ?»

«ካልቀመሱ እኔ እሞታለሁ ማለት ነው።»

ስቱሬ ፍርፍሩን አዩ፤ ጉልላትን አዩ። «በዚህ ምክንያት?» አሉ። ሰው ሲሞት ማየት ስላልፈለጉ አንድ ጉርሻ ወሰዱ። ላብ በላብ ሆኑ፤ ንፍጣቸው ወረደ፤ ከአማታቸው የተማሩትን ስድብ ሁሉ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ደረደሩት፤ ከዚያም ዕቃውን ወደ ራሳቸው ሳብ አድርገው እስኪያልቅ በሉ።

ጉልላት ከዚህ አንድ ሕግ አወጣ፦ ጋሼ ስቱሬ «አልፈልግም» ሲሉ «ለምነኝ» ማለታቸው ነው። ከአንድ ጉዳይ ተነሥቶ ለሁሉ ጉዳይ ሕግ ማውጣት ብዙ የተማሩ ሰዎችም የሚሳሳቱት ስሕተት ስለሆነ ጉልላትን ብቻ መውቀስ አይገባም።

በቁስቋም ዕለት ጧት ጉልላት ቦት ጫማውን ሲያጠልቅ ውብነሽ በሩ ላይ ቆመች።

«ዛሬ እኮ ቁስቋም ናት። ሥራ የለም።»

«መረቡ ባሕር ውስጥ ነው፣ ውብዬ።»

«መረቡ ክርስቲያን ነው እንዴ? ይቆይ።»

«ማታ ከባድ ነፋስ ይመጣል ብሏል ሬዲዮው። አሁን ካልተነሣ ይበጣጠሳል። ካልሄድሁ ሰውየው ብቻቸውን ይወጣሉ።»

«ይውጡ! ባሕሩ የአገራቸው ነው።»

«ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው።»

«አንተስ? ጎልማሳ ነህ ይባልልሃል፤ ከመታጠቢያ ገንዳ ግን በገዛ እጅህ አትወጣም።» ድምፅዋ ረገበ። ከዓመት በፊት ትልቁ የመንገደኞች መርከብ እዚያው ባሕር ላይ ከሰጠመ ወዲህ፣ ከተማው ሁሉ ውኃውን የሚያየው በሌላ ዓይን ነበር፤ ውብነሽም ያንን ሰሞን ሌሊቱን ሬዲዮ ታቅፋ ነበር ያሳለፈችው። «ቢያንስ ይኼን ልበስ» አለችና ከሱሪው ሥር የሚለበስ ወፍራም ሙታንታ ወረወረችለት። ከቅናሽ መደብር የገዛችው የሴት ሙታንታ ነበር፤ ከላይ እስከ ታች ጽጌረዳ አበባ አለበት።

«ይኼማ የሴት ነው!»

«ብርድ ወንድና ሴት አይለይም። ማን ያይሃል?»

ጉልላት ለበሰው።

ጧቱ ጸጥ ያለ ነበር። ስቱሬ ሰማዩን አይተው «እስከ ማታ ጊዜ አለን» አሉ። መረቡን መሳብ ሲጀምሩ ዓሣው በዓሣ ላይ ተነባብሮ ወጣ። በዚያ ዓመት እንደዚያ ያለ ምርት አላዩም ነበር። መጀመሪያ ያሰቡት የቅርቦቹን መረቦች አንሥተው ለመመለስ ነበር፤ ነገር ግን ስቱሬ «አንድ እንጨምር» አሉ፤ ያም ሲሞላ ጉልላት ራሱ «ያችንስ ለምን እንተዋታለን?» አለ። ነፋሱ ማታ እንደሚመጣ የነገራቸው ሬዲዮው ነው፤ እንዲጠብቃቸው ግን ነፋሱን ማንም አላስፈረመውም። ቀትር ካለፈ በኋላ ከሰሜን ምዕራብ በኩል ሰማዩ እንደ ምጣድ ቂጥ ጠቆረ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ በጥድፊያ ሆነ። ጀልባዋ ከመጠን በላይ ተጭናለች፤ ወደ ወደቡ ስትዞር አንድ ሞገድ ከጎኗ ወጥቶ በወለሉ ላይ የተከመረውን መረብ ጠርጎ ወደ ባሕር ጣለው። መረቡ ከሥሯ ገባና ጀልባዋን የሚገፋው ተሽከርካሪ ብረት ላይ ተጠመጠመ። ሞተሩ አንድ ጊዜ አስነጠሰ፤ ሁለተኛም አስነጠሰ፤ ዝም አለ።

ስቱሬ መልሕቁን ጣሉ። መልሕቁ ያዘ። ከኋላቸው ባሕሩ ነጭ አረፋ የሚደፍቅበት የድንጋይ ደሴት አለ፤ ገመዱ ከተበጠሰ ግሬታ የምትሄደው ወደዚያ ነው። ውኃው ከታች በኩል መግባት ስለ ጀመረ ጉልላት በእጅ የሚሠራውን ፓምፕ ይዞ ይገፋ ጀመር። ስቱሬ የነፍስ አድኗን ታንኳ ገመድ ሳቡ። ታንኳዋ በፉጨት ተነፋች፤ ወዲያው ነፋሱ ከእጃቸው ነጠቃትና በሞገዶቹ ላይ እየነጠረች ወደ ላትቪያ ጉዞ ጀመረች።

«እሷስ ተረፈች» አሉ ስቱሬ። ከዚያ የሬዲዮውን መነጋገሪያ አንሥተው ያሉበትን ቦታ ተናገሩ። ከወዲያ «ስንት ሰዎች ናችሁ?» ተብለው ሲጠየቁ «ሁለት ነን፤ አንደኛው ያስታውከዋል» አሉ።

ሄሊኮፕተር እንደሚላክ ተነገራቸው። ጉልላት ፓምፑን እየገፋ ከንፈሩን ማንቀሳቀስ ጀመረ።

«ከማን ጋር ነው የምታወራው?» አሉ ስቱሬ።

«ከእመቤታችን ጋር። ዛሬ በዓሏ ነው፤ ሥራ መሥራት አልነበረብኝም።»

«ምን አለች?»

«ዝም ብላለች። ተቀይማኛለች መሰል።»

«ሚስቴም ስትቀየም ዝም ነበር የምትለው» አሉ ስቱሬ፣ ዐይናቸው የመሪው ክፍል ላይ ቀርቶ። «ከሁሉ የሚከፋው እሱ ነው።»

ሄሊኮፕተሩ በመጣ ጊዜ ቀኑ እየመሸ ነበር፤ በዚያ አገር በኅዳር ወር ፀሐይ ከመንግሥት ሠራተኛ ቀድማ ቤቷ ትገባለች። ብርቱካን ቀለም ልብስ የለበሰ ወጣት ነፍስ አድን በሽቦ ገመድ ተንጠልጥሎ ወርዶ ወለሉ ላይ በጉልበቱ አረፈ። ጺሙ ላይ በረዶ አለ።

«አንድ በአንድ ነው የምወስዳችሁ!» ብሎ ጮኸ። «ማን ይቀድማል?»

«እሱ» አሉ ስቱሬ፣ ወደ ጉልላት እየጠቆሙ።

«እሳቸው» አለ ጉልላት።

ወጣቱ ከአንዱ ወደ ሌላው አየ።

«የጀልባ አዛዥ የሚወጣው መጨረሻ ነው» አሉ ስቱሬ። «ሕጉ ይኸው ነው። ውጣ!»

ጉልላት ይህን ሰምቶ በልቡ «አንድ» አለ። ጨዋ ሰው አንድ ጊዜ እምቢ ይላል፤ ሁለት ቀርቷቸዋል። «አይሆንም፣ ጋሼ» አለ፣ «እርስዎ እያሉ እኔ አልቀድምም።»

«ውጣ አልሁህ!»

«ሁለት» አለ ጉልላት በልቡ። የፍርፍሩ ነገር ትዝ አለው፤ ያኔም ሽማግሌው የተቆጡት በሁለተኛው ላይ ነበር። «በሞቴ!» አለ።

«አሁን እኮ እውነትም ትሞታለህ፣ አንተ ደንቆሮ!»

«ዘመዳሞች ናችሁ?» ብሎ ጠየቀ ወጣቱ።

«አይደለንም!» አሉ ሁለቱም ባንድ አፍ።

ወጣቱ ትዕግሥቱ አልቆ የማንሻውን ቀበቶ በጉልላት ራስ ላይ አጠለቀው። ጉልላት ጎንበስ ብሎ በሥሩ ሾለከ። በአገሩ አንድ ትልቅ ሰው በቃል አልለመን ሲል የሚቀረው አንድ መንገድ ብቻ ነው፤ እሱንም አደረገው። በሚንሸራተተው ወለል ላይ ተደፍቶ የስቱሬን ጉልበት አቀፈ።

«እግርዎ ላይ ወድቄአለሁ፣ ጋሼ! እሺ ካላሉኝ አልነሣም!»

«ልቀቀኝ!»

በዚህ ጊዜ ነው ጉልላት ቀና ብሎ ያየው። የስቱሬ የመንሳፈፊያ ጃኬት በፊት በኩል ክፍት ነበር። ጧት ሲወጡ ጥርቅም አድርገው የቆለፏቸው መቆለፊያዎች ከላይ እስከ ታች ተፈትተዋል። ሞገድ መቆለፊያ አይፈታም፤ ሞገድ ቢፈታም ተራ ጠብቆ ሁሉንም አይፈታም። የሽማግሌው ዐይን ደግሞ ሽቦውንም፣ ሄሊኮፕተሩንም፣ ጉልላትንም አያይም፤ ከባለቤታቸው ሞት ወዲህ የኖሩበትን የመሪውን ክፍል ነው የሚያየው።

ጉልላት የዚያን ጊዜ ገባው። ስቱሬ «መጨረሻ እወጣለሁ» ያሉት ጨርሶ ላለመውጣት ነበር። እሱ ቀድሞ ሄሊኮፕተሩ ውስጥ ቢገባ፣ ሽቦው ተመልሶ ሲወርድ በወለሉ ላይ የሚጠብቀው ሰው አይኖርም።

ከዚህ በኋላ ጉልላት አልተግደረደረም። ተነሣ፤ ለሕፃን ቁልፍ እንደሚቆልፍ ሰው፣ የሽማግሌውን ጃኬት ከታች ጀምሮ አንድ በአንድ ቆለፈው። ጣቶቹ ደንዝዘው ነበርና ጊዜ ፈጀበት። ስቱሬ እጃቸውን አላነሡም። ከዚያ ጉልላት ሄዶ የዓሣው ጎተራ ክዳን ላይ ተቀመጠ።

«እንግዲያው ሁለታችንም እንቆያለን» አለ።

«ነዳጃችን እያለቀ ነው!» ብሎ ጮኸ ወጣቱ። «ካልመረጣችሁ ብቻዬን ነው የምሄደው!»

«እግዚአብሔር ካንተ ጋር ይሁን» አለው ጉልላት።

ስቱሬ መጥተው ከፊቱ ቆሙ። «ልጅህ ስንት ዓመቷ ነው?»

«ዐሥራ ሁለት።»

«ለእሷ ስትል ውጣ።»

«ጋሼ፣ እኔ ቤት ስገባ ሳሌም ‹ሰውየውስ?› ትለኛለች። ምን ብዬ ልመልስላት? ትቻቸው መጣሁ ልበላት?»

ከኋላቸው የመልሕቁ ገመድ አንድ ክር ተበጠሰ፤ እንደ ጅራፍ ጮኸ። ስቱሬ ጉልላትን ለረጅም ጊዜ አዩት፤ ጊዜው ግን ለረጅም እይታ የሚመች አልነበረም። በመጨረሻ የሰማይን፣ የባሕርን፣ የአማታቸውንና የኢትዮጵያን ሕዝብ ስም በየተራ እየጠሩ ከረገሙ በኋላ ወደ ወጣቱ ዞሩ።

«እሰረኝ! የምወጣው ለዚህ እብድ ስል ነው፤ ይመዝገብልኝ!»

ሽቦው ሁለቱን ይዞ ተነሣ። ጉልላት ሽማግሌው በነፋሱ ላይ እየተሽከረከሩ ወደ ላይ ሲሄዱ አየ፤ እየወጡም ሲሳደቡ ሰማ። ከዚያ ብቻውን ቀረ። በሕጉ መሠረት አዛዡ ከሄዱ በጀልባዋ ላይ ያለው ብቸኛ ሰው አዛዥ ይሆናል፤ በዚህም ምክንያት ጉልላት ብርሃነ ሥላሴ ለአጭር ጊዜ የግሬታ አዛዥ ነበር። በአዛዥነት ዘመኑ ያደረገው ነገር ቢኖር ማስታወክ ብቻ ነው።

ገመዱ ተበጠሰ። ግሬታ ወደ ጎን ተጋደመችና ውኃው ከሁለቱም በኩል ገባባት፤ አዛዧም ባሕር ውስጥ ተገኘ። ጃኬቱ አንሳፈፈው። ነገር ግን ከላይ የለበሰው ሰፊ የጎማ ሱሪ ውኃ ሞላና ወደ ታች ይስበው ጀመር። ጉልላት መዋኘት አይችልም፤ መራገጥ ግን ማንም ሳያስተምረው ይችላል። ተራገጠ። የጎማው ሱሪ ሄደ፤ የጨርቁም ሱሪ ተከትሎት ሄደ። የውኃው ብርድ እንደ ቢላ ነበር፤ አፉን ከፍቶ ውብነሽን ሊጠራ ሲል ባልቲክ ባሕር ገባበት።

አንድ እጅ በአንገትጌው ያዘው። ወጣቱ ነበር።

«አሁንስ የምታስቀድመው ሰው አለህ?» ብሎ በጆሮው ጮኸበት።

ጉልላት በአፉ ውኃ ስለ ነበር በራሱ ንቅናቄ የለም አለ። ኢትዮጵያዊው ዓሣ አጥማጅ ሙሉ ጽጌረዳ አበባ ሆኖ፣ በሄሊኮፕተሩ መብራት ፊት፣ ቀስ ብሎ ወደ ሰማይ ዐረገ። ከላይ ሆነው ሲያዩት የነበሩት ስቱሬ በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ።

ሁለቱም ሆስፒታል ገቡ፤ በአንድ ክፍል ተኙ። ውብነሽ ሳሌምን እየጎተተች ደረሰች። ባሏን ከራስ ጠጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ ደባብሳ ሕይወቱን ካረጋገጠች በኋላ የመጀመሪያ ጥያቄዋ «ሱሪህስ?» የሚል ነበር። የሆነውን ሲነግራት አላመነችም።

«ለፈረንጅ ትግደረደራለህ? እርስዎ ይቅደሙ ስትለው አመሰግናለሁ ብሎ የሚሄድ ሕዝብ አይደለም እንዴ?»

«እሳቸው ሌላ ናቸው።»

«ምናቸው ነው ሌላ?»

ጉልላት መለስ ብሎ አጠገቡ ያለውን አልጋ አየ። ስቱሬ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተኝተዋል። «ግትር ናቸው» አለ።

ሳሌም በስዊድንኛ «አባባ፣ ሙታንታው የእማማ ነበር?» ብላ ጠየቀች። ጉልላት ብርድ ልብሱን እስከ አገጩ ሳበ።

የሮግስቬድ ሰው በበኩሉ ሊጠይቅ መጣ። ከቤተ ክርስቲያን ማኅበርተኞቹ አንዱ፣ ደምመላሽ የሚባለው፣ ብርቱካን ይዞ ገብቶ ገና ሳይቀመጥ ጀመረ። «ለመሆኑ ጉልላት፣ መንግሥተ ሰማያት በር ላይ ስትደርስ ቅዱስ ጴጥሮስን ‹እርስዎ ይቅደሙ› ልትለው ነው? አደራህን፣ ከኋላህ የምንጠብቅ ሰዎች አለን!» ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። ጉልላትም አብሮ ሳቀ። አንድ ቃል ቢናገር ሳቁ ሁሉ ወደ አድናቆት እንደሚለወጥ ያውቃል፤ ያ ቃል ግን የእሱ አልነበረም። ስለዚህ ጅል መባሉን ተቀበለ። ብዙ ሰው እውነትን መናገር እንጂ እውነትን መሸፈን አንዳንዴ ትልቅ ጨዋነት መሆኑን አልተማረም።

ጠያቂዎቹ ከሄዱ በኋላ ስቱሬ ሆስፒታል ከገቡ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገሩ። ፊታቸውን ከግድግዳው አላዞሩም።

«አይተሃል።»

«ምኑን፣ ጋሼ?»

«መቆለፊያዎቹን።»

 «ብርድ ነበር» አለ ጉልላት። «እጅዎ ደንዝዞ በትክክል ሳይቆልፉት ቀርተው ይሆናል።»

ስቱሬ ዞሩ። ዐይናቸው ቀልቶ ነበር፤ ባሕር ላይ ለኖረ ሰው ዐይን ጨው ምክንያት ስለሚሆን ማንም ሊጠይቃቸው አይችልም።

«እጄ አልደነዘዘም ነበር» አሉ። «ሚስት የለኝም፤ ልጅ የለኝም፤ አሁን ደግሞ ጀልባም የለኝም። ጧት ተነሥቼ የት ነው የምሄደው? ይህን አስበህ ነው ያወጣኸኝ?»

ጉልላት አላሰበበትም ነበር። ሰው ሲያወጡ የሚታሰበው እስከ ሄሊኮፕተሩ ድረስ ነው። አሁን ግን አሰበ።

«እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ እኛ ቤት ምሳ ይበላሉ» አለ።

«ሳምንት ሰባት ቀን አለው።»

«ሰኞ ደግሞ ሳሌምን ዋና ያስተምራሉ። በእኛ ቤት አንድ ሰው እንኳ መቻል አለበት።»

«ማክሰኞስ?»

«ማክሰኞ እኔን።»

ስቱሬ ጣሪያውን አዩ። «አንተን ለማስተማር ሳምንቱ በሙሉ አይበቃም» አሉ። ከዚያ የራስጌውን መብራት አጠፉ።

የሆነውም ይኸው ነው። ስቱሬ ኤክማን ሌላ ጀልባ አልገዙም። ኒኔስሃምን ያለውን ቤታቸውን ሸጠው በባቡሩ መሥመር ላይ፣ ከሮግስቬድ ብዙም በማይርቅ ሰፈር አንዲት ትንሽ ቤት ተከራዩ። ከሳሌም ጋር ወደ መዋኛ ሲሄዱ ስዊድንኛ እያወሩ፣ ሲመለሱ ደግሞ ከሷ የሰሙትን አማርኛ በመንገደኛው ላይ እየሞከሩ፣ የሰፈሩ ሰው አወቃቸው። ውብነሽ «ጋሼ» ትላቸው ነበር፤ ስትቆጣቸውም አልተወችውም። ጉልላት ባሕር አልተመለሰም፤ የአውቶቡስ መንጃ ፈቃድ አውጥቶ በደቡብ ስቶክሆልም ሹፌር ሆነ፤ ዋናም እስከ ዛሬ በቅጡ አይችልም። ስቱሬ በ1992 ዓ.ም. በክረምት፣ በአልጋቸው ላይ፣ ሰው ከጎናቸው ሳይለይ ዐረፉ።

ጉልላት ብርሃነ ሥላሴ ተሰማ አንድ ሰው ከሞት አተረፈ፤ ያ ሰውም ከዚያ በኋላ ለመኖር ምክንያት እንዳያጣ አደረገ።